ዲጂታል እንዳትባል

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የዛሬው ተረት ላም የለበትም። «የስልክ ቻርጅ» በሉኝና ልጀምር። አላችሁ? እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ።

ዋርካ ሜዳ በምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ እትዬ ትርንጎ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ትልቅ ነገር የሚመኙ ሴት እንዳይመስሏችሁ። መኪና አላማራቸው፣ ፎቅ አላማራቸው። በዚያ ቀን የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጃቸው ጋ ደውለው አንዲት ቃል መናገር። አንዲት ቃል ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። ቆዩኝማ።

ልጃቸው ስንቅነሽ ከሦስት ወንዝ ማዶ ተድራ፣ በቅርቡ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች፤ ሴት ልጅ። «ስሟን አንቺ አውጪላት፣ እማዬ» ብላ ብትለምናቸው እሺ አሉ። እሺ አሉና ማሰብ ጀመሩ። ሲያስቡ ሰነበቱ፣ ሲያስቡ ከረሙ። ስም እንደ ሽሮ ነው፣ ሳይንተከተክ አይወርድም ባይ ናቸው። እሳቸው ሲያንተከትኩ ታዲያ የሕፃኗ አባት የታምሩ አባት፣ አቶ ወንድይራድ፣ ትዕግስታቸው አለቀ። አቶ ወንድይራድ እንዲያው የለየላቸው ዘመናዊ ናቸው። አንድ ስልክ በደረት ኪሳቸው፣ አንድ በጎን ኪሳቸው፣ አንድ በእጃቸው፤ ምሳ እንኳ የሚበሉት በግራ እጃቸው ስልክ እየነካኩ ነው። «ዘመኑን የሚመስል ስም ያስፈልጋታል፤ ዲጂታል ትባል» ብለው ቆረጡ።

ዲጂታል ታምሩ! መቼም ዘመን በመጣ ቁጥር ልጅን በዘመኑ ስም መጥራት እናውቅበታለን። አብዮትም ዘመቻም የሚባሉ ጎረቤቶች አሉኝ፣ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ግን ዲጂታል? ልጅቱ አድጋ «አንቺ ዲጂታል፣ ጀሪካኑን አቀብይኝ» ልትባል?

በዚያ ጠዋት ስንቅነሽ ደወለች። «እማዬ፣ አባባ ወንድይራድ ዛሬ ቀበሌ ሄደው ሊያስመዘግቧት ነው። ቀበሌው ሳይዘጋ ስሟን ካልነገርሽኝ በቃ ዲጂታል ሆና መቅረቷ ነው። ስሙን አገኘሽው?»

«አገኘሁት፣ ትናንት ማታ አገኘሁት! ስሟ...» ሲሉ ስልኩ ጭልም አለ።

እትዬ ትርንጎ ስልኩን አገላበጡት፣ እፍ አሉበት፣ በነጠላቸው ወለወሉት። ስልኩም አፍ አውጥቶ «አልጠራም፣ ርቦኛል። ትናንት ቀኑን ሙሉ የሠርግ ቪዲዮ ሲያዩብኝ ዋሉ፤ አሁን ካልበላሁ ንቅንቅ አልልም» አላቸው። የጎረቤት ስልክ ለምነው እንዳይደውሉ፣ የልጃቸው ቁጥር ያለው በዚሁ በራበው ስልክ ሆድ ውስጥ ነው። ሰው እንዳይልኩ፣ በአገራቸው ወግ አዲስ ስም ከእናቲቱ ጆሮ በፊት ሌላ ጆሮ ከገባ ገድ የለውም። ራሳቸው ደውለው፣ በራሳቸው አፍ መናገር አለባቸው።

ወደ ግድግዳው ሄዱ። «ሶኬት ሆይ፣ ስልኬን መግብልኝ፤ ስልክ ልጄን አልጠራ አለኝ፣ ልጅቱ ዲጂታል ልትባልብኝ ነው» አሉት።

ሶኬቱ አዛጋ። «መብራት ከሄደ ሰነበተ፣ እትዬ። እኔ ራሴ የበላሁት የለኝም። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰኝ ሲርበው ነው፤ ሲጠግብማ ነቅሎኝ ይሄዳል። አልመግብም» አለና ተኛ።

እትዬ ትርንጎ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ አስቻለው ፀጉር ቤት ገሰገሱ። አስቻለው ፀጉር አስተካካይ ነው፣ በጓሮው ጄኔሬተር አለው። መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ እዚያ እንደ ጥጃ ተደርድሮ ይጠባል። በዚያ ቀን ግን ጓሮው ጸጥ ብሏል፤ አንድ ደንበኛ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ግማሹ ቀርቶ፣ ፎጣ እንደለበሰ መብራት ይጠብቃል።

«ጄኔሬተር ሆይ፣ ሶኬት ቀስቅስልኝ» አሉ እትዬ ትርንጎ። «ሶኬት ስልክ አልመግብ፣ ስልክ ልጄን አልጠራ አለኝ፤ ልጅቱ ዲጂታል ልትባልብኝ ነው።»

ጄኔሬተሩ ጉሮሮው ደርቋል። «ደረቅ አፍ አይጮህም። ቤንዚን ያጠጡኝና ልቀስቅስ» አለ።

«እኔ ድሮም ሶላር ይሻላል ብያለሁ» አለ አስቻለው መቀሱን እያንቀጫቀጨ። «ፀሐይ ወረፋ የላት፣ ደረሰኝ የላት። ሚስቴ ናት ጄኔሬተር ካልሆነ ያለችው።»

«ዝናብ ሲሆንስ?» አለ ግማሽ የተላጨው ሰውዬ። «ሶላር ቢሆን ኖሮ ክረምቱን ሙሉ እንደዚህ ሆኜ ልከርም ነበር።»

ሁለቱ ሲከራከሩ እትዬ ትርንጎ ባዶ ጀሪካን አንስተው ወጡ፤ አስቻለውም ክርክሩን ሳያቋርጥ ተከተላቸው። ነዳጅ ማደያው በር ላይ የባጃጁ ሰልፍ እስከ ገበያው ደርሷል። ቤንዚኑን የምትቀዳው ማስተዋል የምትባል ልጅ ናት፤ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ቤንዚን ሆይ፣ ለጄኔሬተር ተቀዳልኝ» አሉ። «ጄኔሬተር ሶኬት አልቀሰቅስ፣ ሶኬት ስልክ አልመግብ፣ ስልክ ልጄን አልጠራ አለኝ፤ ልጅቱ ዲጂታል ልትባልብኝ ነው።»

ቤንዚኑ ከምድር በታች ከጋኑ ውስጥ ቦጭረቅ አለ። «መምጣቱንስ መጥቻለሁ፣ ግን በስልክ ካልተከፈለልኝ አልወጣም። ዘመኑ ተለውጧል።»

«እውነቱን ነው፣ እማማ» አለች ማስተዋል። «ብር በእጅ አንቀበልም፤ ክፍያ በስልክ ብቻ ነው። ኔትወርክ ደግሞ ከረፋዱ ጀምሮ የለም። ይኸው ሞልቶልን ተቀምጠናል።»

ሰልፉ ላይ ያሉት ይህን ሲሰሙ ጊዜ ሁሉም አዋቂ ሆነ። አንዱ «በስልክ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ሌባ አይነካውም» ሲል፣ ሌላው «ሌባም አይነካውም፣ እኔም አልነካሁት» ይላል። አንዲት የሻይ ነጋዴ «ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሻላል፣ ባሌ ዛሬ ገና ቀና ብሎ አየኝ» አለች። ባልየው ከሰልፉ መሃል «አየሁሽ፣ ኔትወርክ ይምጣልኝ» አለ። እትዬ ትርንጎ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ነበር፤ ግን ፀሐይን ቀና ብለው አዩና ሳቃቸውን ዋጡት። ቀበሌው ይዘጋላ።

«ኔትወርክ ሆይ» አሉ ወደ ሰማይ፣ «ለቤንዚን ክፈልልኝ! ቤንዚን ለጄኔሬተር አልቀዳ፣ ጄኔሬተር ሶኬት አልቀሰቅስ፣ ሶኬት ስልክ አልመግብ፣ ስልክ ልጄን አልጠራ አለኝ፤ ልጅቱ ዲጂታል ልትባልብኝ ነው!»

ኔትወርክ ከየት ይመልስ። የለማ። «አልከፍል» እንኳ ለማለት ኔትወርክ ያስፈልገዋል። አንቴናው ያለው ኮረብታው ላይ ነው፣ ኮረብታውን መውጣት ነዋ!

ወጡ። እያለከለኩ፣ ነጠላቸው እየተጎተተ፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ ወጡ። የአንቴናው ዘበኛ አጥሩን ተደግፎ ሸንኮራ ይልጣል።

«አንቴና ሆይ፣ ኔትወርክ ልቀቅልኝ» አሉ፣ ትንፋሽ ሲያገኙ። «ኔትወርክ ለቤንዚን አልከፍል፣ ቤንዚን ለጄኔሬተር አልቀዳ፣ ጄኔሬተር ሶኬት አልቀሰቅስ፣ ሶኬት ስልክ አልመግብ፣ ስልክ ልጄን አልጠራ አለኝ፤ ልጅቱ ዲጂታል ልትባልብኝ ነው።»

አንቴናው ከላይ ቁልቁል አያቸው። «መብራት ሲኖር በመብራት፣ መብራት ሲጠፋ በናፍጣ ነው የምሠራው። መብራት የለ፣ ናፍጣዬ ረፋድ ላይ አለቀች። እንዲሁ ቆሜ ነፋስ እየበላሁ ነው፤ አልለቅም።»

«ናፍጣ የጫነው ቦቴ ዛሬ ይደርሳል ተብሎ ነበር» አለ ዘበኛው ሸንኮራ እያካፈላቸው። «ድልድዩ ላይ ተገትሯል አሉ። ምን እንደያዘው እንጃ። ይምጠጡ፣ እትዬ፣ ጣፋጭ ነው።»

እትዬ ትርንጎ ሸንኮራውን እየመጠጡ ቁልቁል ተንደረደሩ። ባጃጁ ሁሉ ቤንዚን ጠምቶት ተኝቷል፣ ሚኒባሱ ተኝቷል። የሚንቀሳቀስ አንድ የፈረስ ጋሪ ብቻ ተገኘ። ባለጋሪው በዚያ ቀን የሚይዘው የሚጨብጠው አጥቷል። «ይውጡ እትዬ፣ የኔ ፈረስ ኔትወርክ አይፈልግ፣ ሣር ካለ ሲስተም አለ» ብሎ አሳፈራቸው። እስከ ድልድዩ ድረስ ስለ ፈረሱ ዘመናዊነት ሰበካቸው።

ድልድዩ ጠባብ ነው፣ አንድ መኪና ብቻ ያሳልፋል። በወዲያ ማዶ ቦቴው ቆሟል፤ ከቦቴው ኋላ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡሱ ኋላ የጤፍ ጭነት። ድልድዩ መሃል ላይ ደግሞ አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ሙሽራ መስላ፣ መንገዱን ዘግታ ተቀምጣለች።

«ቦቴ ሆይ» ብለው ገና ከጋሪው ሳይወርዱ ጀመሩ፣ «ለአንቴና ናፍጣ አምጣልኝ። አንቴና ኔትወርክ አልለቅ፣ ኔትወርክ ለቤንዚን አልከፍል፣ ቤንዚን ለጄኔሬተር አልቀዳ፣ ጄኔሬተር ሶኬት አልቀሰቅስ፣ ሶኬት ስልክ አልመግብ፣ ስልክ ልጄን አልጠራ አለኝ፤ ልጅቱ ዲጂታል ልትባልብኝ ነው!»

«በየት ልምጣ?» አለ ቦቴው። «ይህች ነጭ ካልተነሳች አልመጣም።»

«መኪና ሆይ፣ ለቦቴ ተነሽለት! ቦቴ ለአንቴና ናፍጣ አላመጣ፣ አንቴና ኔትወርክ አልለቅ፣ ኔትወርክ ለቤንዚን አልከፍል፣ ቤንዚን ለጄኔሬተር አልቀዳ፣ ጄኔሬተር ሶኬት አልቀሰቅስ... ውይ ጉሮሮዬ... ሶኬት ስልክ አልመግብ፣ ስልክ ልጄን አልጠራ አለኝ፤ ልጅቱ ዲጂታል ልትባልብኝ ነው!»

«ባትሪዬ አልቋል። መብራት ካልመጣ አልነሳም» አለች መኪናዋ፣ ቅልል ባለ ድምፅ።

መብራት! እትዬ ትርንጎ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ይሄን ሁሉ የዞሩት መብራት ጠፍቶ አይደል? ዞረው ዞረው እቤታቸው ግድግዳ ላይ ተመለሱ። እንባቸው መጣ። ያቺን የሚያህል ስም አስበው አስበው አግኝተው፣ በአንድ መኪና ምክንያት ሊቀር ነው።

እንባቸውን ሲጠርጉ ግን አንድ ነገር ታያቸው። ቦቴው ገመድ አለው። መኪናዋን ጎትቶ ከድልድዩ ማውረድ የደቂቃ ሥራ ነው። ታዲያ ለምን አልጎተተም?

ያልጎተተው በኩርፊያ ነው። የቦቴው ሹፌር አባተ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ናፍጣ ከደሙ የተቀላቀለ ሰው ነው። የመኪናዋ ባለቤት ሱራፌል፣ ጫማው የሚያበራ ጎረምሳ ነው። ጠዋት መኪናዋ ስትቆም አባተ ሊጎትታት ገመድ ይዞ ወርዶ ነበር፤ ወርዶ ግን ዝም ብሎ ቢጎትት ምን ነበረበት? «ይኼ ቆርቆሮህ እምቢ አለህ?» አለው። ሱራፌልም «የአንተን ጭሳም ከምነዳ ቆሜ ብቀር ይሻለኛል» ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲህ አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። የአውቶቡሱም ተሳፋሪ ለሁለት ተከፍሏል። «ኤሌክትሪክ አየሩን አያቆሽሽም» የሚሉ በቀኝ፣ «አየር ተበልቶ አይጠገብ፣ ናፍጣ ነው ጤፍ የሚያመጣ» የሚሉ በግራ። አንድ ሽማግሌ መሃል ላይ ሆነው ለሁለቱም ወገን ቆሎ ያካፍላሉ።

«ልጄ አባተ፣ ጎትትለት» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«ጭሳም ያለኝን ይቅርታ ይጠይቅ፤ ያኔ እጎትታለሁ።»

«ልጄ ሱራፌል፣ ይቅርታ ጠይቀው።»

«ቆርቆሮ ብሎ የጀመረው እሱ ነው። እኔ አልበደልኩም፣ እትዬ።»

እትዬ ትርንጎ ወዲህ አዩ፣ ወዲያ አዩ። ፀሐይን አዩ። ከዚያ ዝቅ አሉና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሱ፤ ትንሽ ድንጋይ አይደለም፣ ምጣድ የሚያስቀምጥ ነው። ትከሻቸው ላይ ጫኑት። እንደሚታወቀው በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ምሕረት የሚለምን። ተሸክመው በሁለቱ መሃል ቆሙ።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ አባተ ብድግ ብሎ።

«ይቅርታ እየጠየቅኩ ነዋ።»

«ምን በድለው?»

«እኔ ምን አውቄ። ግን ይኸን ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ ያሰጣ በዳይ መቼም ይኖራል። አንተ አልበደልክም፣ እሱም አልበደለም፤ እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ። ጭሳም ያልኩህ እኔ ነኝ አባተ፣ ይቅር በለኝ። ቆርቆሮ ያልኩህም እኔ ነኝ ሱራፌል፣ ይቅር በለኝ።»

ቆሎ የሚያካፍሉት ሽማግሌ እንኳ አፋቸው ላይ የነበረውን ሳያኝኩ ቀሩ። እናት የሚያህሉ ሴት ባልሠሩት በደል ድንጋይ ተሸክመው እያዩ ማን ይቀመጣል? አባተና ሱራፌል እኩል ሮጡ። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ድንጋዩን ያዙ።

«ይስጡኝ እትዬ፣ የበደልኩት እኔ ነኝ፤ ቆርቆሮ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ አባተ።

«የለም፣ እኔ ነኝ፣ ልጅ ሆኜ አባት የሰደብኩ» አለ ሱራፌል። ድንጋዩን ወደዚያ ጎተተ፣ ያኛው ወደዚህ ጎተተ።

«አሁን ደግሞ በድንጋይ ልትጣሉ ነው?» አሉ እትዬ ትርንጎ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሁለቱም ሳቁ፤ ድንጋዩን አብረው አወረዱት፤ ሱራፌል ጉልበት ሊስም ሲል አባተ አንስቶ አቀፈው። «ይቅር ለእግዜር» ተባባሉ፣ ጉዳዩ አለቀ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ኩርፊያ ተነሳ፣ ገመድ ታሰረ፣ አውቶቡሱና የጤፍ ጭነቱ ከኋላ ቦታ ለቀቁ፣ ቦቴው ወደ ኋላ ሲል የግራውም የቀኙም ወገን ነጯን መኪና ከፊት እየገፋ ሆ አለ። መኪናዋ ለቦቴ ተነሳች፣ ቦቴው እትዬ ትርንጎን ከጎኑ አስቀምጦ ለአንቴና ናፍጣ አመጣ፣ አንቴና ጠጥቶ ኔትወርክ ለቀቀ፣ ኔትወርክ በአስቻለው ስልክ ለቤንዚን ከፈለ፣ ቤንዚን ለጄኔሬተር ተቀዳ፣ ጄኔሬተር ጓሮውን በጩኸት አናውጦ የፀጉር ቤቱን ሶኬት ቀሰቀሰ፣ ሶኬት ስልክ መገበ! የግማሽ ተላጩም ራስ ተጠናቀቀ። ስልኩ ዓይኑን ገለጠ።

እትዬ ትርንጎ ቻርጀሩን ሳይነቅሉ፣ ግድግዳው ሥር ተንበርክከው ደወሉ። የተቀዳች ሴት ወጣችና የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት እንደማይችሉ ነገረቻቸው። «እባክሽ እህቴ፣ ከየት መጥቼ መሰለሽ» አሏት። ሰው መሆኗን አለመሆኗን የሚያጣሩበት ጊዜ አልነበረም። ደግመው ደወሉ።

ጠራ።

«እማዬ!» አለች ስንቅነሽ። «የት ጠፋሽ? አባባ ከቀበሌ አሁን ተመለሱ።»

እትዬ ትርንጎ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። «አስመዘገቡ?»

አቶ ወንድይራድ ስልኩን ተቀበሉ። ድምፃቸው ኮስሷል። «ሄጄ ነበር፣ እትዬ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አዋሉኝ። በመጨረሻ ሲስተም የለም ብለው መለሱኝ።»

ሲስተም የለም! እትዬ ትርንጎ በሕይወታቸው ይህችን ቃል ሰምተው ሲደሰቱ የመጀመሪያቸው ነው። «እልልታዬን ልተወውና፣ ስልኩን ለእናቲቱ ይስጡልኝ» አሉ። ስንቅነሽ ስትቀበል ያቺን አንዲት ቃል በጆሮዋ ተናገሩ። «ካሳነሽ ትባል፣ ልጄ። ካሳነሽ ታምሩ።»

ስንቅነሽ ትንፋሿን ሳበች። ለምን እንደሆነ ገብቷታል። የአቶ ወንድይራድ ባለቤት እትዬ አንጓች ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። ስንቅነሽ ሙሽራ ሆና ስትገባ እግሯን ያጠቡ፣ እንደ ልጅ ያኖሯት ሴት ናቸው። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ነው አቶ ወንድይራድ በየኪሳቸው ስልክ የሞሉት፤ ቤቱ ዝም እንዳይልባቸው። እትዬ ትርንጎ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያንተከትኩ የሰነበቱት የአቶ ወንድይራድን ልብ የሚክስ ስም ሲፈልጉ ነበር።

«አባባ፣ ካሳነሽ ናት ስሟ» ስትል ተሰማ። «የእማማ አንጓች ካሳ።»

መስመሩ ጸጥ አለ። እትዬ ትርንጎ ኔትወርክ የተቋረጠ መስሏቸው ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው አዩት፤ እየቆጠረ ነው። መልሰው አዳመጡ። አንድ ትልቅ ሰው አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰሙ።

«እትዬ ትርንጎ» አሉ አቶ ወንድይራድ በመጨረሻ። «ነገ በጠዋት ቀበሌ እሄዳለሁ። ሲስተም ከሌለ ውጭ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ካሳነሽን ሳላስመዘግብ አልመለስም። ይኸው ትስማኝ፣ አቅፌያታለሁ።» እውነትም ያቀፏት በሁለት እጃቸው ነው፤ ስልኩን ስንቅነሽ ናት ጆሯቸው ላይ የያዘችላቸው።

ልክ ስልኩ ሲዘጋ ዋርካ ሜዳ በሙሉ «መብራት መጣ!» ብላ ጮኸች። እንዲህ ነው እሱ፣ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይመጣል። ተረቴን መልሱ፤ መብራቱ ተመልሶ ሳይሄድባችሁ እቤታችሁ ድረሱ።